ሁለተኛው ጉርሻ

እንዳሻሽ ጠዋት ጠዋት ሕፃን ልጇን ምንታምርን አዝላ ወደ እንስሳት ማቆያው ትገባና ከባሕር ማዶ ለመጣችው ኦራንጉታን ለተባለች ትልቅ ቀይ ዝንጀሮ ቁርስ ታሰናዳለች፤ በዱር የለመደችው እንዳይቀርባት ብላ የበሰለ ሾላ፣ ለጋ ቅጠል፣ የዛፍ ልጥ፣ ሲገኝም ምስጥ የወረረው ግንድ ታቀርብላታለች። እንስሳዋ ግን ግልገሏ በመንገድ ከሞተባት ወዲህ ምግብ አትነካም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። ዘበኛው ጋሽ ምናሴ በኩራቷ «እሜቴ» ብሎ ሰይሟታል።

አንድ ቀን እንዳሻሽ አንጀቷ አልችል ብሏት ሾላ ፈልቅቃ በፍርግርጉ አጎረሰቻት። እሜቴ ዋጠች።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል!» አለ ጋሽ ምናሴ እየሳቀ። «ድገሚያት እንጂ፣ እሜቴ ይቀየሙሻል።»

ደገመቻት። እሜቴ ሁለተኛውን አላምጣ አላምጣ አልዋጠችውም፤ ረጅም ከንፈሯን በፍርግርጉ አሹልካ በእንዳሻሽ ትከሻ በኩል ወደ ሕፃኗ ዘረጋችው። ምንታምር በትንሽ እጇ ከከንፈሩ ላይ ወስዳ በላች።

«ወይ ጉድ! ብድሯን መለሰች እኮ!» አለ ጋሽ ምናሴ።

ከዚያ ወዲያ ምንታምር እናቷ ጡት ስትሰጣት ትተፋለች፤ ገንፎ ሲቀርብላት ጣቷን እናቷ አፍ ውስጥ ከትታ አንዳች ነገር ትፈልግና ባዶ ሲሆንባት ታለቅሳለች። ትንፋሿ ዝናብ የማያባራበት ጫካ፣ የራሰ ቅጠል ይሸታል። ወደ ቤት ሲመለሱ፣ አፏ ውስጥ ምንም ሳይኖር፣ ከእንዳሻሽ ማጅራት ኋላ ቀስ ያለ የማላመጥ ድምፅ ይሰማል። ልጅቷ እየከሳች አንገቷ ቀጠነ፤ የምትበላው እሜቴ አላምጣ ያዘጋጀችላትን ብቻ ሆነ። እንዳሻሽ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ተሳለች፣ ጠበል አስጠመቀች፤ በኋላ ግን እንባውም ደረቀ።

«በዱር ግልገሉ ምግብ የሚለየው ከእናቱ አፍ እየወሰደ ነው» አሏት የእንስሳት ሐኪሙ፣ ስለ ልጇ ስትጠይቃቸው ስለ እንስሳዋ መስሏቸው። «ለዓመታት ከጉያዋ አይወጣም።»

በማግስቱ እንዳሻሽ፣ እሜቴ ቅርንጫፍ እያጠፈች፣ ቅጠል እየደለደለች መኝታ ስትሠራ አገኘቻት። መኝታው ለእሜቴ ገላ እጅግ ያንሳል፤ ለሕፃን ግን ልክ ነው። እንዳሻሽ ቆማ አየችው፤ ልቧ ግን ምንም አላለም። ከጀርባዋ ማላመጡ ቀጠለ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ምናሴ ከበሩ ላይ ጠራት። «እንዳሻሽ፣ ልጅቷ ዛሬስ እህል ቀመሰች?»

«ጠግባ ተኝታለች» አለች እንዳሻሽ፣ የፍርግርጉን በር ከውጭ ቆልፋ፣ ባዶውን አንቀልባ እያጣጠፈች።