የነብሮ አደራ

ናዝራዊት ደረጄ ትባላለች። ዕድሜዋ አሥራ አንድ ነው። ቤታቸው ወልቂጤ ውስጥ፣ አባቷ አልጋና ቁም ሣጥን ከሚሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ ነው። ስለዚህ ናዝራዊት ሰንበት ትምህርት ቤት ስትመጣ ፀጉሯ ላይ ትንሽ ሰጋቱራ አይጠፋም። እኔም ሁልጊዜ አራግፍላታለሁ።

ልጆች፣ ዛሬ የእሷን ታሪክ ልነግራችሁ ነው። አስፈቅጃታለሁ። «ስሜንም አይደብቁ፣ ቲቸር» ብላኛለች። እንዲህ የምትል ልጅ ጎበዝ ናት።

«ግቢዬ» የሚባል የስልክ ጨዋታ አለ። አንዳንዶቻችሁ ከወዲሁ ሣቃችሁ፤ አውቃችሁታል ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ ስሰማ «ደግሞ ይሄ ምን መጣብን?» ብዬ ነበር። በጨዋታው ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ አንድ እንስሳ ያሳድጋል። ጠዋት ያበላዋል፣ ቀን ያጥበዋል፣ ማታ ያስተኛዋል። በደንብ የተያዘ እንስሳ ጉልበት ያገኛል። ጉልበት ያለው እንስሳ ደግሞ ኳስ ይጫወታል! አምስት ለአምስት ሆነው፣ ከተማ ከከተማ ይጋጠማሉ።

የናዝራዊት እንስሳ ፍየል ናት። ስሟ መብረቅ ነው። እውነትም መብረቅ! ኳስ ካገኘች አንዱንም፣ ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም አልፋ ራሷ ታገባለች። ለሌላ ማቀበል የሚባል ነገር አታውቅም።

በዚህ ዓመት የጉራጌ ከተሞች ልጆች የራሳቸውን ዋንጫ አዘጋጁ። ወልቂጤ ጉንችሬን አራት ለአንድ ደቆሰች። ከአራቱ ሦስቱን ያገባችው መብረቅ ነበረች። ያን ቀን ናዝራዊት በሰፈሩ ሁሉ እየዘለለች ስትጮህ የሰማ ሰው ሎተሪ የወጣላት ነበር የመሰለው። ቡታጅራ ደግሞ እምድብርን አንድ ለባዶ አሸነፈች። የቡታጅራ በረኛ ድመት ነው። ነብሮ ይባላል። እምድብሮች ሃያ ጊዜ መቱ፣ ነብሮ ሃያውንም ያዘ።

የነብሮ ባለቤት ማን መሰላችሁ? አምሀ። አምሀ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ለናዝራዊት የአጎቷ ልጅ ነው።

ለፍጻሜው ወልቂጤና ቡታጅራ ደረሱ። ጨዋታው ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ እንዲሆን ተቀጠረ። መስቀል ሲመጣ የእኛ ከተሞች እንዴት እንደሚሆኑ ታውቃላችሁ። ሰው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገር ቤት ይገባል። የናዝራዊት እናት ግን ገና መውለዷ ስለነበር የእነሱ ቤተሰብ ወልቂጤ ቀረ። የአምሀ ቤተሰብ ከጉንችሬ ማዶ ወዳለው ወደ አያቱ መንደር ሊሄድ ተነሣ። አምሀ ከመሄዱ በፊት ደወለ።

«ናዚ፣ መንደር ኔትወርክ የለም። አራት ቀን ነው የምንቆየው። ነብሮን አብዪልኝ።»

«እኔ? እኛ እኮ ተጋጣሚዎቻችሁ ነን!»

«አውቃለሁ። የቡድኔ ልጆችም ሁሉም ወደየመንደራቸው እየሄዱ ነው። ደግሞ አንቺ ዘመዴ ነሽ። አደራ!»

«እሺ፣ አደራህን ተቀብያለሁ» አለች።

የይለፍ ቃሉን ነገራት። ልጆች፣ «አደራህን ተቀብያለሁ» ማለት ትንሽ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ የራሱ ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያው ቀን ናዝራዊት ነብሮን አበላችው፣ አጠበችው፣ አስተኛችው። በሁለተኛው ቀን የቡድኗ ልጅ ሔራን መጣች። ሁለቱ ቁጭ ብለው የነብሮን ጨዋታ እንደገና አዩ። ሔራን ቆሎዋን እየቆረጠመች፣

«ይሄ ድመት ባይኖር እኮ ዋንጫው በእጃችን ነበር» አለች። ለቀልድ ነው ያለችው። ቆሎዋን ጨርሳ ሄደች።

ቃሉ ግን ናዝራዊት ጋ ቀረ። «ባይኖር… ባይኖር…» አለች በልቧ። «አንድ ቀን ባላበላው ማን ያውቃል?»

ያን ቀን አላበላችውም። በሦስተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ። «ነብሮ ርቦታል» ይላል። ናዝራዊት ስልኩን ትራስ ሥር አደረገችው። ለራሷም «ረስቼው ነው» አለች። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ የረሳ ሰው ስልክ ትራስ ሥር ይደብቃል?

በአራተኛው ቀን «ነብሮ ታሟል። ለአንድ ሳምንት አይጫወትም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ነብሮ ጆሮዎቹን ጥሎ ተኝቷል። ለፍጻሜው አራት ቀን ብቻ ነበር የቀረው። ናዝራዊት «አሸነፍን!» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ግን አልወጣላትም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እነአምሀ ከመንደር ሲመለሱ አራሷን ለመጠየቅ ወልቂጤ ጎራ አሉ። አምሀ ከባድ ፌስታል አንጠልጥሎ ገባ። ለአራሷ አያቱ የላኩት ቡላ ነው። ከመንደሩ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ በጀርባው ተሸክሞት ነው የመጣው። ሰላምታ እንደጨረሰ ወዲያው ስልኩን ከፈተ። ፊቱ ተለወጠ።

«ናዚ! ነብሮ ታሟል!»

«እ… እዚህም ኔትወርክ አልነበረም» አለች ናዝራዊት። ዓይኑን ማየት አልቻለችም።

አምሀ እንባው መጣ፤ በእጁ ጠረገው። ከዚያ ምን እንዳላት ታውቃላችሁ?

«ኔትወርክ ከሆነማ ምን ታደርጊያለሽ? አይዞሽ። ያንቺ ጥፋት አይደለም።»

ሰደባት? አልሰደባትም። አጽናናት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ለእናቷ የቡላ ገንፎ በቅቤ ተሠራ። «ነይ ቅመሺ» አለች እናቷ። «ያ ምስኪን ልጅ ተሸክሞት የመጣው ነው።» ናዝራዊት አንድ ማንኪያ አነሣች። ማንኪያውን አስቀምጣ ወደ አባቷ ሮጠች።

አባቷ ጋሽ ደረጄ ጣውላ እየላገ ነበር።

«አባዬ፣ አደራ በላሁ» አለችና አለቀሰች።

መላጊያውን አስቀመጠ። ሁሉንም ነገረችው። እስክትጨርስ አላቋረጣትም።

«ለእኔ መናገርሽ ደግ ነው» አላት። «ግን የበደልሽው እኔን አይደለም። በአገራችን የበደለ ሰው ተበዳዩ ፊት ቆሞ፣ በገዛ አፉ ይናገራል። ደውዪለት።»

«ጽሑፍ ብልክለትስ?»

«በአፍሽ!»

ናዝራዊት ሰጋቱራው ላይ ተንበረከከች። «ጌታ ሆይ፣ ዋሽቻለሁ። እውነቱን የምናገርበት ድፍረት ስጠኝ» አለች። አጭር ጸሎት ናት፤ ደረሰች ግን። ተነሥታ ደወለች።

«አምሀ… ኔትወርክ ነበረ።»

«ምን?»

«ነበረ። አውቄ ነው ያላበላሁት። እንድናሸንፋችሁ ብዬ። ይቅር በለኝ።»

አምሀ በቀጭን ድምፅ፣ «አንቺ ስለሆንሽ እኮ ነው ነብሮን የሰጠሁሽ» አለና ስልኩን ዘጋው።

ልጆች፣ ይቅርታ ስንጠይቅ ሁልጊዜ ወዲያው «እሺ» አንባልም። የምንጠይቀው ስላጠፋን እንጂ እሺ ስለምንባል አይደለም።

በማግሥቱ ናዝራዊት አራቱን የቡድኗን ልጆች ሜዳ ላይ ሰበሰበቻቸው። ለእነሱም ሁሉንም ነገረቻቸው። በ«ግቢዬ» ሕግ የታመመ እንስሳ ወዲያው የሚድንበት አንድ መንገድ አለ። ሌላ እንስሳ ከራሱ አርባ ጉልበት ቢሰጠው ይነሣል። የሰጠው እንስሳ ግን ጉልበቱን የሚያገኘው ከሳምንት በኋላ ነው።

«አርባውን ከመብረቅ እሰጠዋለሁ» አለች ናዝራዊት። «ካሳው የእኔ ነው።»

«አበድሽ?» ብላ ጮኸች ሔራን። «ነብሮ ሊነሣ፣ መብረቅ ልትተኛ? ዋንጫውን በሰሐን አድርገሽ ስጫቸዋ! እኛ ምን አጠፋን?»

ሰማን የሚባል ልጅ አለ። እንስሳው ኤሊ ናት። አዎ፣ ኤሊ! በቡድኑ ውስጥ ሁሉም የሚቀልድባት ቀርፋፋ ኤሊ። ሰማን መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«ወላሂ፣ ናዚ፣ በጣም ተናድጄብሻለሁ። ግን አያቴ አገር የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። ካሳ ሲፈረድ አጥፊው ብቻውን አይከፍልም። ጎሳው ያዋጣል። እኛስ ጎሳ አይደለንም?»

«እኛ አላጠፋንም እኮ!» አለች ሔራን።

«ጎሳውስ መቼ አጠፋ? ሳያጠፋ ነው የሚያዋጣው።»

ሔራን አፍንጫዋን ጠረገችና፣ «ስንት ስንት ይደርሰናል?» አለች።

«ጨዋታው ማዋጣት ይፈቅዳል፤ ለአምስት ስምንት ስምንት» አለ ሰማን።

«አይሆንም፣ እኔ ብቻዬን…» ብላ ናዝራዊት ስትጀምር ሰማን አቋረጣት። «አንቺ ዝም በይ። አጥፊ አይከራከርም!» ሁሉም ሣቁ። ናዝራዊትም እንባዋ ሳይደርቅ ሣቀች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? አርባ ጉልበትም እንደዚሁ ነው።

ጉልበቱ እንደተላከ የናዝራዊት ስልክ ጠራ። «ተነሣ! ነብሮ ተነሣ! ጆሮውን አቆመ!» እያለ አምሀ ጮኸ። ለካስ ገና እንደተቆጣ ነው፤ ትዝ ሲለው ስልኩን ዘጋው።

አሁን ግን ችግር መጣ። መብረቅ እንደ ድሮዋ ሦስት ተጫዋች አልፋ መሮጥ አቃታት። ሌሎቹም ትንሽ ትንሽ ደክመዋል። ብቻውን የሚጨርስ ስለሌለ ሦስቱን ቀን መቀባበል ሲለማመዱ ዋሉ። ናዝራዊት መጀመሪያ ላይ እጇ እምቢ አላት። ኳስ ማቀበል ለካ ይከብዳል!

ቅዳሜ ደረሰ። ቡታጅራዎች በሚኒባስ እየዘፈኑ መጡ። ወልቂጤ ውስጥ ለጨዋታው የተዘጋጀው አዳራሽ ሞላ። ጨዋታው በግድግዳው ላይ በትልቁ ይታያል። ልጆቹ ስልካቸውን ይዘው ፊት ለፊት ተቀመጡ። አምሀ ወደ ናዝራዊት ዞር ብሎም አላየ።

ቡታጅራ ቀድማ አገባች። አዳራሹ ተናወጠ። ከዕረፍት በኋላ የሔራን ውሻ ከጥግ የመጣችውን ኳስ በግንባሩ ገጭቶ አገባ። አንድ ለአንድ! ከዚያ ወዲያ ነብሮ በሩን ዘጋው። ይዘላል፣ ይተኛል፣ ይይዛል። ድፍን ወልቂጤ ቢመታ የሚገባ አይመስልም። እውነት ለመናገር እኔ ራሴ ለነብሮ አጨበጨብኩ።

አንድ ደቂቃ ቀረ። ኳስ መብረቅ እግር ሥር ገባች። አንዱን አለፈች። ሁለተኛውን በጭንቅ አለፈች። ደክማለች። ፊት ለፊቷ ነብሮ ብቻ ነው። አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ምቺ! ምቺ!» አለ። አምሀ የአጎቱን ልጅ ያውቃታል፤ እሷ ሁልጊዜ ትመታለች። ስለዚህ ነብሮን ወደ መብረቅ አዘለለው።

ናዝራዊት ግን አልመታችም። ወደ ጎን አቀበለች። ለማን? ገና አሁን ከመሃል ሜዳ እየዳኸች ለደረሰችው ለሰማን ኤሊ! ኤሊዋ ኳሷን በአፍንጫዋ ገፋች። ቀስ… ቀስ… ቀስ… ጎል!

ሁለት ለአንድ! ልጆች፣ የአዳራሹ ጣሪያ እንዴት እንዳልተነሣ እግዚአብሔር ያውቃል። ሰማንን ከመሬት አነሡት። ሔራን ወንበር ላይ ወጥታ እልል አለች። ጋሽ ደረጄ የማያውቀውን ሰው አቅፎ ሲዘል በዓይኔ አይቻለሁ። ናዝራዊትና ጓደኞቿ ዋንጫውን አምስት ሆነው፣ በአሥር እጅ ከፍ አደረጉት። የነብሮን በር ያለፉት ነብሮ በሙሉ ጉልበቱ ቆሞ ሳለ ነው። ይህ ደስታ ትራስ ሥር የሚደበቅ አይደለም።

ጩኸቱ ጋብ ሲል አምሀ በሰዉ መሃል እየተጋፋ መጣ። ናዝራዊት ሣቋን አቆመች።

«በኤሊ ተሸነፍን» አለ። «ቡታጅራ ምን ብዬ ነው የምገባው?»

«አምሀ፣ እኔ…»

«ነግረሽኛል እኮ። ሰምቻለሁ።» ኪሱን ዳብሶ እስክሪብቶ አወጣ። «እጅሽን ዘርጊ።»

ዘረጋች። መዳፏ ላይ አዲስ የይለፍ ቃል ጻፈላት።

«ከሰኞ ጀምሮ ፈተና ነው። አባዬ ለሳምንት ስልኩን ይወስድብኛል» አላት። «ነብሮን አደራ።»

ናዝራዊት መዳፏን ጨብጣ ደረቷ ላይ አደረገችው። ዋንጫው ሰማን እጅ ነበር፤ ዞራም አላየችው። ያን ሳምንት ነብሮ በቀን ሦስት ጊዜ በላ፤ አንድም ቀን አልተራበም።

ልጆቼ፣ አደራ የበላ ሰው እውነቱን ተናግሮ፣ ያጠፋውን ክሶ ከተመለሰ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይለዋል፤ ሰውም እንደገና ያምነዋል።