አርባኛው ጣቢያ

ዓይነ ስውሩ የፒያኖ መምህር ሐሙስ ጠዋት የፈረሰ ባቡር ጣቢያ ጉድጓድ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ስልኩ ከደረት ኪሱ ሆኖ «ጣቢያው ጋ ደርሰዋል» ይላል። መርማሪዋ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ።

ሟቹ በዚያው ዕለት ማለዳ አዲስ ተማሪ ቤት ደርሶ ሲመለስ ነው ስልኩን ቅርብ ጣቢያ የጠየቀው። ስልክ ደግሞ መልሱን የሚያመጣው ኤፒአይ ከሚባለው የትራንስፖርት ቢሮው የድረ ገጽ አገልግሎት ነው። የአገልግሎቱን መዝገብ መክፈት የሚችሉት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የቢሮው ኃላፊ፣ ፕሮግራመሩና የሟቹ እህት የሆነችው መዝጋቢዋ። መዝጋቢዋ የፈረሰውን ጣቢያ ሰኞ ዕለት ሰርዛዋለች። ረቡዕ ግን በእሷው የይለፍ ቃል ተመልሶ ገባ። የይለፍ ቃሉ ኮምፒውተሯ ላይ ተለጥፎ ማንም ያየዋል። ኃላፊው ያለ ኀፍረት ጥፋቱን እሷ ላይ አላከከ፣ ከመዝገቡም አገዳት። የቀረው መታሰሯ ብቻ ነበር።

መርማሪዋ ሦስቱንም ለየብቻ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው፦ ጣቢያ ሲመዘገብ ነጥቡ ካርታው ላይ የት ያርፋል? መዝጋቢዋ በሩ ላይ አለች፤ ስልኩ ወንድሟን የሚመራው ወደ ነጥቡ ስለሆነ አርባውንም ጣቢያ ዞራ በር በሩን መዝግባለች። ከሟቹ ጋር እየተዘዋወረ አገልግሎቱን የሞከረው ፕሮግራመርም እንደዚያው አለ። ኃላፊው ግን መዝገቡን ከፍቶ እንደማያውቅ ምሎ ተገዝቶ ሲያበቃ «መሃሉ ላይ ነዋ፣ ሌላ የት ሊሆን ነው?» አለ።

በቀጣዩ ሰኞ ሦስቱንም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ሠላሳ ዘጠኙ ጣቢያዎች ነጥባቸው በሩ ላይ ነው» አለች። «ረቡዕ የተመለሰው ግን መሃል ጉድጓዱ ላይ ነው። በሩ ታጥሯል፣ ስልኩ ወደ በሩ ቢመራው ኖሮ አጥሩ ያስቆመው ነበር። ነጥቡ ግን ክፍት በሆነው በጀርባ በኩል ወሰደው። እነዚህ ሁለቱ እንዲህ አይመዘግቡም።» ወደ ኃላፊው ዞረች። «እርስዎ ደግሞ ረቡዕ ከሰዓት ለበላዮችዎ አርባ ጣቢያ አለን ብለው ሪፖርት ልከዋል።»

ኃላፊው አንገቱን ደፋ። «ሪፖርቱ እስኪታይ ነበር። ለአንድ ቀን ብቻ።»

«ዛሬ አምስት ቀን ሆነው፤ ሰው ሞቶም አላነሱትም» አለችው። ከዚያ ወደ መዝጋቢዋ ዞራ «ማስረጃው ተቀድቷል፣ እገዳሽም ተነስቷል። ሰርዢው፣ እህቴ» አለች።

መዝጋቢዋ ሰረዘችው። ከጠረጴዛው ላይ የወንድሟን ስልክ አንስታ በጣቢያው ስም ጠየቀችው።

«በዚህ ስም ጣቢያ የለም» አለ ስልኩ።

«ምናለ ሐሙስ ዕለት እንዲህ ብትለው ኖሮ» አለችው።