አባቴ ያልጨበጠው መሪ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ካላመናችሁኝ ደባርቅ መናኸሪያ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ሾፌሮቹ ሊማሊሞ ላይ ታየ ተሰማ ስለሚባለው ነገር ሲያወሩ «ጉም ነው፣ ጉምና የእንቅልፍ እጦት» እያልኩ ጨዋታቸውን የማበላሽባቸው እኔ ነበርኩ፣ እንዲያውም አንዱን በግጥም አሹፌበት ሁለት ሳምንት ሙሉ አኩርፎኛል። ስለዚህ አሁን የማወራችሁን ስታነቡ፣ ይኼ ልጅ ግጥሙ አልሆንለት ሲል ተረት ጀመረ እንዳትሉኝ፤ የሆነውን ነው የምነግራችሁ፣ የሆነውም በቀን ነው፣ ከምሳ በኋላ።

አባቴ ከደባርቅ ድብ ባሕር ሲመላለስ ያረጀ ሾፌር ነው። መንገዱን ለማታውቁት፣ ከደባርቅ ደጋ ይነሳና ገደሉን እየተጠማዘዘ ቆላ ያወርዳችኋል፣ በአንድ በኩል ቀጥ ያለ ድንጋይ፣ በሌላ በኩል ምንም፣ ምንም ስላችሁ ደግሞ ምንም ማለቴ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ስኳር በሽታ ዓይኑን ወሰደውና አሮጌዋን ሚኒባስ እኔ ተረከብኩ፣ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠው። ለራሱ አንድ ነገር ብቻ አስቀረ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪናዋን ግቢ ሳስገባ ግድግዳውን እየዳሰሰ ይመጣል፣ እኔ እወርዳለሁ፣ እሱ ሾፌር ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ መሪውም አይዞርም፣ ግን እጆቹ ላዩ ላይ ይሄዳሉ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ፣ ከንፈሩ መታጠፊያዎቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል፣ ሰባተኛው ላይ፣ እኛ ጭላዳ መውረጃ የምንለው ዘንድ ሲደርስ፣ የክላክሱን መሐል በአውራ ጣቱ ነካ ነካ ያደርጋል፣ ሁለት አጭር አንድ ረጅም፣ ድምፅ እንዳያወጣ ተጠንቅቆ። ሩብ ሰዓት ቢወስድበት ነው። ከዚያ «ደርሰናል» ይላል፣ ይወርዳል፣ እራቱን ይበላል፣ ይተኛል። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት «ደርሰናል» ሲል ብቻ ነው።

ሁለት አጭር አንድ ረጅም ደግሞ ጨዋታ አይደለም። ጭላዳ መውረጃ ከላይ የሚወርደው ከታች የሚወጣውን የማያይበት መታጠፊያ ነው፣ ስለዚህ የሚወርደው ክላክስ ያደርግና ያዳምጣል፣ ከታች ከተመለሰለት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቆማል፣ ጭነት ይዞ የሚወጣው ያልፋል። የእኛ አገር ሾፌር ዘይቱን ሳያይ ሊነሳ ይችላል፣ ክላክሱን ሳይሞክር ግን ሊማሊሞን አይወርድም።

እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው?

መሪው አርጅቶ ነበር፣ ትልቅ፣ ቀጭን፣ እናቴ በፍየል ቆዳ ሰፍታ ያለበሰችው፣ በግራ በኩል የአባቴ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ጎድጉዶ እንደ ሳንቲም የሚያበራ መሪ ነው። አንድ እሁድ ኮንትራት ይዤ ዳባት ሄጄ ቆሜ ሳለ አንድ ጓደኛዬ ሾፌር ጭንቅላቱን በመስኮት አስገባና «አንተ ገጣሚው፣ ይኼ መሪ ነው የጋሪ ጎማ?» አለኝ፣ አብረውት የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም። ደባርቅ ያለው የመካኒኩ የማንደፍሮ ጋራዥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ስፖርት መሪ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ዞር ብዬ አይቼዋለሁ፣ ትንሽ፣ ወፍራም፣ ጥቁር፣ በቀይ ክር የተሰፋ፣ ያን ቀን ቀጥ ብዬ ገባሁና አወረድኩት።

ማንደፍሮ አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን ካሰረ በኋላ ራሱን ነቀነቀ።

«ክላክሱ በዚህ አይገጥምም፣ ማገናኛው ሌላ ነው። ሐሙስ ጎንደር እሄዳለሁ፣ ይዤልህ እመጣለሁ። እስከዚያ ሊማሊሞን እንዳትወርድ፣ ሰማኸኝ?»

«ካስፈለገ በአፌ እነፋዋለሁ።»

«በአፍህማ ማን ብሎህ!»

የክላክሱን ገመድ ጫፍ በፕላስተር ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ሲቀብረው በዓይኔ አይቻለሁ፣ ይኼን ያዙልኝ።

ያን ዕለት አባቴ ግድግዳውን እየዳሰሰ ሲመጣ ደነገጥኩ፣ እመኑኝ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እሱን አላሰብኩትም ነበር። «አባዬ፣ ዛሬ ታጥባ ወንበሩ ርሷል» አልኩት። «እሺ» ብሎ ተመለሰ። ሰኞ «ቁልፉን ማንደፍሮ ጋ ረስቼው መጣሁ» አልኩት፣ መኪናዋን ያለ ቁልፍ እንዴት አድርጌ እንዳመጣኋት አልጠየቀኝም፣ «እሺ» አለ። ማክሰኞ አልመጣም። አሮጌውን መሪ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ከቤት ጀርባ ከማገዶው ሥር ሸጉጬው ነበር፣ ለእናቴም አልነገርኳትም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ ነው፣ ደባርቅ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ውስጥ ናት። ድብ ባሕር የሚያስተምሩት መምህር ጌጡ መናኸሪያ ውስጥ ያዙኝ፣ መኪና ጠፍቷል፣ ስድስት ሰዎች ዝናብ ላይ ቆመዋል። እንቢ ማለት ነበረብኝ። «ግቡ» አልኩ። መምህር ጋቢና ከእኔ አጠገብ ተቀመጡና መሪውን አዩት።

«ይቺን ለሕፃን ነው የሠሯት?»

«ፋሽን ነው፣ መምህር።»

«ጎበዝ። ገደል ስንገባ አምሮብን እንገባለና።»

ከኋላ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መውረድ ጀመርን፣ የመኪናዋን አፍንጫ አያለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ የፍየል ቆዳ ሸተተኝ፣ ላብ የጠጣ አሮጌ ቆዳ፣ አንዱ ተሳፋሪ የያዘው ዕቃ ነው ብዬ ተውኩት። አራተኛው ላይ ከጀርባዬ አንድ ሰው በለሆሳስ ሲናገር ሰማሁ፣ ጸሎት መሰለኝ፣ እዚያ መንገድ ላይ የሚጸልይ አይጠፋም፣ ጆሮዬን ስሰጠው ግን ጸሎት አይደለም። «አምስት» ይላል። ትንሽ ቆይቶ «ስድስት» ይላል። በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ፣ የማንም ከንፈር አይንቀሳቀስም፣ ሁሉም ጭንቅላታቸውን በጋቢ ሸፍነው ወደ መስኮት ያያሉ።

ጭላዳ መውረጃ ስንደርስ እንደ ልማዴ አውራ ጣቴን ወደ መሪው መሐል ላክሁ፣ ባዶ ፕላስቲክ ነው። በአፌ እነፋዋለሁ ያልኩት ትዝ አለኝ፣ ልስቅ ነበር። ያኔ መሪው ከበደኝ። ከበደኝ ስላችሁ እንደ ተበላሸ መኪና አይደለም፣ ሌላ ሰው በላዩ ላይ እንደያዘብኝ ነው፣ እኔ መንገዱን ተከትዬ ወደ ቀኝ ስስብ እሱ ወደ ግራ፣ ወደ ግድግዳው፣ ቀስ እያለ፣ ሳይቸኩል ወሰደኝ፣ እግሬም ሳላዘው ፍሬኑን ያዘ፣ ድንጋዩን ታክከን ቆምን። ከዚያ ክላክሱ ጮኸ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ሁለቱም እጆቼ መሪው ዳር ላይ ነበሩ።

ከታች መልስ መጣ፣ ወዲያው አሸዋ የጫነ ትልቅ መኪና ጉሙን ቀዶ ወጣ፣ መንገዱን በሙሉ ይዞታል፣ ስፖኪዮዬን ገጭቶ አለፈ። ወደ ቀኝ ብዬ ቢሆን የምንሄድበትን አልነግራችሁም፣ ምንም እንደሌለ ቀደም ብዬ ነግሬያችኋለሁ።

መምህር ጌጡ ላባቸውን ጠረጉና «እንኳን ክላክስ አደረግህ፣ የአባትህ ልጅ» አሉኝ። መሪው ላይ ከእጆቼ ፈንጠር ብሎ በግራ በኩል ያለውን ቦታ በአንድ ጣቴ ነካሁት። ሞቋል።

ድብ ባሕር አራግፌያቸው ባዶዬን ወጣሁ፣ እቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ቆማለች።

«አንተ ነህ የሰጠኸው?» አለችኝ።

«ምን?»

«መሪውን ነዋ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል እየዳሰሰ ወደ ማገዶው ሄደ፣ ከረጢቱን ፈትቶ አወጣው፣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያዞር ጀመር፣ ብጠራው አይሰማ። ኋላማ አንዴ ጥርሱን ነክሶ ወደ ግራ ሲጠመዝዝ ቁና ቁና ተነፈሰ፣ መሐሉን በአውራ ጣቱ ተጫነው፣ ከዚያ መሪው ከእጁ ወደቀ።»

ገባሁ። መደቡ ላይ ተቀምጧል፣ ቀኝ ትከሻውን በግራ እጁ ይዞታል።

«ደረስክ?» አለኝ።

«ደረስኩ፣ አባዬ።»

«ትንሽ አድርገኸዋል።»

«ምኑን?»

«መሪውን። ጭላዳ መውረጃ ላይ ለማዞር ከበደኝ፣ ትከሻዬን ገነጠለኝ።»

እኔም እንደ እናንተ ነገሩን ለማቅለል ሞክሬያለሁ። ዓይነ ስውር ሰው ጆሮው ጥሩ ነው፣ ሁለት ቀን ስዋሽበት መሪ መቀየሬን ገምቷል፣ ማገዶው ሥር ያለውንም ነክቶት ይሆናል። እሺ። ግን ትንሽ መሆኑን ማን ነገረው? ጉልበቱ ላይ የነበረው ትልቁ ነው። ትከሻውስ? በነጋታው ክንዱን ወደ አፉ ማንሳት አቅቶት እናቴ ነች ያጎረሰችው። ማንደፍሮም ገመዱን ሲያወጣው ፕላስተሩ እንደተጠቀለለ ነበር።

ሐሙስ በማለዳ፣ ማንደፍሮ ወደ ጎንደር ሳይነሳ ደርሼ አሮጌውን መሪ አሳስሬ መጣሁ፣ መኪናዋን ግቢ አስገባሁና በሩን ከፍቼ «አባዬ፣ ና፣ መሪህ ተመልሷል» አልኩት። ድምፄ እንደ ልጅ ሆኖ ነበር። ከመደቡ አልተነሳም።

«እኔ ምን አደርግበታለሁ» አለ፣ «ከዚህም ሆኜ ይዤዋለሁ።»

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። እናቴ እንደምትነግረኝ እኔ ስወርድ እሱም ይወርዳል፣ ባዶ እጁን ጉልበቱ ላይ እያዞረ፣ በላብ እየተጠመቀ፣ ስወጣም እንደዚያው። «ደርሰናል» ማለት ቀርቷል። በፊት መንገዱን ሩብ ሰዓት ይይዘውና እዚያው መኪናዋ ውስጥ ትቶት ይወርድ ነበር፣ ያን መውረጃ የዘጋሁበት እኔ ነኝ፣ በጋሪ ጎማ ለሳቁ ሰዎች ብዬ። እጆቹ ከስተዋል። ስለዚህ ሥራውን ቀነስኩ፣ ከዚያም ተውኩት፣ እኔ ካልነዳሁ እሱ ያርፋል ብዬ አሰብኩ።

መኪናዋን ግቢ ካቆምኳት በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጉም ደጃችን ድረስ መጥቶ ሳለ፣ እኔ በሩ አጠገብ ደብተሬን ይዤ ተቀምጬ ነበር። አባቴ መደቡ ላይ ቀና አለ። እጆቹን አነሳ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። እናቴ ሥራዋን አቁማ አየችው፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ፣ እኔ እዚያው ነኝ፣ አጠገቡ። ሰባተኛው ላይ አውራ ጣቱ ተጫነ፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ መልስ ጠበቀ።

«አባዬ» አልኩት፣ «እኔ እኮ እዚህ ነኝ። ማንን ነው የምታወርደው?»

«ዝም በል» አለኝ፣ «ጉም ነው።»

መኪናዋ ከበሩ አምስት እርምጃ ርቃ ቆማለች፣ መስታወቷ ጉም ለብሶ ውስጧ አይታይም። ሄጄ በእጄ ጠረግ ባደርገው መሪው ይዙር አይዙር አይ ነበር። አልሄድኩም። እስከ ዛሬም አልሄድኩም፣ እሱም እስከ ዛሬ አልደረሰም።