ጊዜ ያለፈበት ሳቅ

ይመር ከሰው ሁሉ ሦስት ሰከንድ ዘግይቶ ነው የሚስቀው። «ሠላሳ ወንበር» በምትባለው የኮምቦልቻ ማሲንቆ ቤት ይህን የማያውቅ ደንበኛ የለም። አዝማሪው ደምሌ አንዱን በግጥም ወጋ ሲያደርግ ቤቱ ባንድ ላይ ይስቃል። ሳቁ በርዶ ሰው ወደ ብርጭቆው ሲመለስ ከጥግ ካለው ጠረጴዛ የይመር ሳቅ ብቻውን ይፈነዳል። ያኔ ቤቱ እንደገና ይስቃል፤ በይመር። «ለጨረቃው ሰው ጊዜ ስጡት እንጂ!» ይላል ደምሌ የማሲንቆውን ደጋን ወደ ጥጉ እየቀሰረ።

ይመር ፈዛዛ ሆኖ አይደለም፤ ርቀቱ ነው። የሚሠራው ጨረቃ ላይ፣ በበረዶ ቁፋሮ ነው። ሠላሳ ወንበር ውስጥ ከሚስቱ ከትርንጎ ጎን የሚቀመጠው ውክሉ ነው። ውክል በሌለ ሰው ፈንታ የሚቀመጥ አካል ነው፤ ባለቤቱ ካለበት ሆኖ በውክሉ ዓይን ያያል፣ በጆሮው ይሰማል፣ በአፉ ይናገራል፣ በእጁም የሚስቱን እጅ ይይዛል። የማይሰማው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የገዛ ድምፁ እየተመለሰ እንዳያስቸግረው ውክሉ የሚናገረው ለባለቤቱ አይደርስም። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል የሚባለውን ለማስቀረት የተሠራ ዕቃ ነው። ቀልዱ ጨረቃ ደርሶ ሳቁ እስኪመለስ ግን ሦስት ሰከንድ ይፈጃል። ብርሃንም ቢሆን ከዚህ በላይ አይፈጥንም።

ትርንጎ ያቺን ሦስት ሰከንድ ትወዳት ነበር። እሷ ራሷ ውክል ጠጋኝ ናት፤ የሰው ባልና የሰው እናት ማጅራት ከፍታ ሽቦ ስትፈትሽ ትውላለች። ስለዚህ ከጎኗ ያለው እጅ ጎማና ሞተር መሆኑን የሚረሳ ልብ አልነበራትም። ሦስቱ ሰከንድ ግን የማሽኑ አልነበሩም። አንድ ነገር ትጠይቀዋለች፣ ትጠብቃለች፣ በዚያች ዝምታ ውስጥ አንድ ሰው ሩቅ ቦታ ሆኖ ሲያዳምጣት ይታወቃታል። የጨረቃ መስመር ለሠራተኛ የሚለቀቀው በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ምሽት ብቻ ነው። በሌላው ቀን የሚደርሳት የተቀረጸ መልእክት ነው። ለሰው አትናገረውም እንጂ ሳምንቱን የምትኖረው ለሐሙስ ነበር።

በዚህኛው ሐሙስም ውክሉን የይመርን ሰማያዊ ሸሚዝ አልብሳ፣ ክንዱን ይዛ፣ ገና ለዓይን ያዝ ሳያደርግ መጣች። አጠገባቸው እንደወትሮው ጋሽ ሰይድ ተቀምጠዋል። ጋሽ ሰይድ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ናቸው፤ በዚያ ሰሞን አዲስ ጥርስ አስተክለዋል። ደምሌ ይህን ሰምቶ ሊያልፍ? የጋሽ ሰይድ ጥርስ ከጋሽ ሰይድ ቀድሞ ሥጋ ቤት ደርሶ ወረፋ እንደያዘ አድርጎ ዘፈነው። ቤቱ አውካካ። ጋሽ ሰይድ ራሳቸው በአዲሱ ጥርሳቸው ሳቁ።

ይመርም ሳቀ። ከሰው እኩል።

«ኧረ ዛሬስ ይመር አብሮን ሳቀ!» አሉ ጋሽ ሰይድ ደስ ብሏቸው። «መስመሩን አሻሻሉት መሰለኝ።»

ትርንጎ የያዘችውን እጅ ለቀቀች። መስመር ይሻሻላል፤ ብርሃን ግን አይሻሻልም። ጨረቃ ተነሥታ ወደ ኮምቦልቻ ካልቀረበች በቀር ያ ሳቅ በሰዓቱ ሊደርስ አይችልም።

«ይመር» አለችው ቀስ ብላ።

«ወዬ።»

«በላህ?»

«በልቻለሁ፣ አብሽሪ።»

በጥያቄውና በመልሱ መካከል ትንፋሽ የምታህል ክፍተት እንኳ አልነበረችም። ትርንጎ «ክንድህ ይንቀጠቀጣል፤ ና እስቲ ልየው» ብላ አስነሣችውና ባዶ የቢራ ሣጥን ወደተደረደረበት ጓሮ ይዛው ወጣች። ከቦርሳዋ ካቻቢቴ አወጣች፤ ማጅራቱ ላይ ያለውን ክዳን ፈታች። ትንሿ ሰሌዳ በራች።

መጀመሪያ ያየችው ማሽኑ በዚያው ቀን ራሱን ማደሱን ነው። እድሳቱ አንድ የቆየ ትዕዛዝ ሰርዟል። «በትዕዛዝ የተደረገ መዘግየት፦ ሦስት ሰከንድ። ጠፍቷል።»

ደግማ አነበበችው። ማን ነው ሆን ብሎ መዘግየትን የሚያዝ? ወደ ታች ወረደች። «ትክክለኛ ርቀት፦ የአሥራ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ መንገድ።» ይሄ ጨረቃ አይደለም። ይሄ የየትም ጨረቃ አይደለም። ከሥሩ፦ «ገማች፦ ከአራት ወር ወዲህ በሥራ ላይ።»

ገማችን ታውቀዋለች። ልጆቻቸው በጣም ለራቁባቸው ሽማግሌዎች በገዛ እጇ ትጭንላቸዋለች፤ ከሰውየው መልስ እስኪመጣ ሳይጠብቅ ምን ሊል እንደሚችል ገምቶ፣ በራሱ በሰውየው ድምፅ የሚናገር ሥርዓት ነው። ይመር ሊሄድ ሲል የለመነችው አንድ ነገር ነበር። «ገማች ከጎኔ እንዳታስቀምጥብኝ። ከዚያስ ባትመጣ ይሻለኛል» ብላው ነበር።

«የት ነህ?» አለችው ውክሉን።

«ጨረቃ ነኛ። ምነው?»

«ምነው» አባባሉ ቁርጥ የይመር ነበር። ሲዋሽ እንኳ እሱን ይመስላል። ትርንጎ በዚህ ይበልጥ ተናደደች። ክዳኑን ልትገጥም ስትል በሰሌዳዋ ግርጌ አንድ ሌላ መስመር አየች፤ «ጊዜ ያለፈባቸው፦ አሥራ ሰባት ሐሙስ» ይላል።

የመጀመሪያውን ነካችው። ከኋላው የማታውቀው የማራገቢያ ጉምጉምታ ያለበት የይመር ድምፅ መጣ።

«ትርንጌ፣ ይህን እንደማትሰሚው አውቃለሁ። የኔ እስኪደርስ ማሽኑ ቀድሞ ይመልስልሻል። ቁፋሮው ተዘጋ። የተገኘው ሥራ ከማርስ ማዶ በሚሄደው ጭነት መርከብ ላይ ነው፤ ሁለት ዓመት። ብነግርሽ ጠብቂኝ ማለት ይሆንብኛል። አንቺ ደግሞ ትጠብቂያለሽ፤ የፈራሁትም እሱን ነው። ባዶ ወንበር አጠገብ ተቀምጠሽ ሰው ሲያዝንልሽ ማየት አልቻልኩም።»

የቀጠለው ሳቅ ነበር። ደምሌ ያን ሐሙስ የቀለደውን ሰምቶ የሳቀው ሳቅ፤ ኮምቦልቻ የደረሰው ቀልዱ ከተረሳ፣ ሰው ሌላ ዘፈን ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ማሽኑ በእሱ ፈንታ ስቆለት ስላበቃ የእውነተኛውን ሳቅ ጊዜ ያለፈበት ብሎ አስቀምጦታል። ሌላ ነካች፤ ሌላ ሳቅ። ሌላ ነካች፤ ለጥያቄዋ መልስ። አሥራ ሰባት ሐሙስ ሙሉ ማንም እንደማይሰማው እያወቀ ሲመልስላት፣ ሲስቅላት፣ ደህና እደሪ ሲላት ኖሯል። አንዱ ሐሙስ ላይ «በላህ?» ብላው ኖሮ፣ «አልበላሁም። አንቺን እያየሁ ማን ይበላል?» ይላል። ማሽኑ ያን ለት በልቻለሁ ብሏት ነበር።

እንዲህ ዓይነቱ ስሕተት ግን ጥቂት ነው። አብዛኛውን ገማቹ አግኝቶታል፤ አንዳንዱን ቃል በቃል። ውሸቱ ፈጽሞ እሱን የማይመስል ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር። ቁጣዋ ወጣና ወረደ፤ ሲወርድ ከሥሩ ናፍቆት ብቻ ተገኘ። በአራቱ ወር ውስጥ እንደዚያች ሰዓት ናፍቋት አያውቅም፤ እስከዛሬ የናፈቀችው ጨረቃ ላይ ያለውን ሰው ነበርና።

ገማቹን ልታጠፋው ሞከረች፤ የባለቤቱን ፈቃድ ጠየቃት። የቻለችው ሌላ ነገር ነው፤ ከይመር የሚመጣው ሁሉ እንደደረሰ እንዲሰማ አዘዘችው። ክዳኑን ገጥማ፣ ዓይኗን ጠርጋ፣ ውክሉን ይዛው ገባች። አልተቀመጠችም።

«ተቀበል፣ ደምሌ!»

ደምሌ ደጋኑን አነሣ። ትርንጎ ግጥም ስትሰጥ አይቶ አያውቅም። እሷም ውክሉን ዓይን ዓይኑን እያየች እንዲህ አለች፦

«እጁን ይዤው ነበር ከጎኔ ተቀምጦ፣
ለካስ ርቆ ኖሯል ድምፁን ብቻ አስቀምጦ።»

ደምሌ ተቀብሎ አዜመው። ቤቱ እህ አለ። ሰው ሁሉ ወደ ጥጉ ዞረ፤ እንዲህ ያለ ግጥም መልስ ይፈልጋልና። መልሱም አልዘገየም። ውክሉ አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ በይመር ድምፅ፦

«አካሌስ ተጓዘ እንጀራን ተከትሎ፣
ልቤ ግን እዚያው ነው ከጎንሽ ተተክሎ።»

እልልታ ሆነ። ጋሽ ሰይድ ጠረጴዛውን ደበደቡ። ደምሌ ሊቀበለው አፉን ሲከፍት ትርንጎ ደጋኑን በእጇ ያዘችው።

«እንዳትደግመው! ከዘፈንከው ይሰማዋል። የሱ አይደለም፤ ማሽኑ ገምቶ ነው። ይመር ጨረቃ ላይ የለም። ከማርስ ማዶ ነው። ያልኩትን ገና አልሰማም።»

ትርንጎ ደጋኑን ለቀቀችው።

«መልሱ በስንት ጊዜ ይመጣል?» አለ ደምሌ።

«ሃያ ሦስት ደቂቃ ግድም።»

አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ሒሳብ ጠየቀ። ደምሌ ግን ወንበሩን ሳብ አድርጎ ማሲንቆውን ጉልበቱ ላይ አደላደለ። «እኔ ስጠብቅ መጫወት እችላለሁ» አለና ቃል የሌለበት ትዝታ ጀመረ። ሦስት አራት ሰው ወጣ። የቀረው ድምፁን ቀንሶ ተቀመጠ።

«ትርንጌ፣ ተቆጣሽኝ?» አለ ውክሉ።

«አንተን አይደለም» አለችው። እውነቷን ነው፤ በሱ ምን አላት? እሱ የታዘዘውን ነው የሠራው።

አሥር ደቂቃ ያህል እንደሄደ፣ በዜማው መሐል፣ ውክሉ ድንገት ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰው ደነገጠ። ቀድሞ የገባቸው ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ «በኔ ጥርስ ነው! አሁን ደረሰው!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ትርንጎም ሳቀች፤ ሳቋ ግን እንባ ይዞ ወጣ። ወዲያው ለ«በላህ?» «ገና አልበላሁም» የሚል መልስ መጣ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ መጣ፤ «ከፈትሽው…» አለ ይመር፣ የማራገቢያው ጉምጉምታ ከኋላው እየተሰማ፤ ከዚያ ዝም አለ። እዚያ ማዶ አንድ ሰው ዓይኑ እያየ ውሸቱ ተገልጦበታል። ምን እንደሚል ማወቅ አትችልም፤ ምንም ሳይል መስመሩን ሊዘጋውም ይችላል። ቢዘጋው ደግሞ በሚቀጥለው ሐሙስ መንገዱ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይሆናል፣ ከዚያ አሥራ ሦስት። መርከቡ ስለሷ ብሎ አይቆምም። ከዚህ ሁሉ ውሸት በኋላ የቀረላት እሱ ራሱ የሚላት ነገር ብቻ ነው፤ ጥፋቱን ይቅር የምትለውም የማትለውም እሱን ሰምታ ነው።

ደምሌ አልቆመም። ጣቱ እየዛለ፣ ከትዝታ ወደ አምባሰል፣ ከአምባሰል ወደ ባቲ እየተሻገረ ጠበቀላት። ማንም ሰው ማንንም እንዲህ አፉን ዘግቶ የጠበቀበት ቀን ትዝ አላላቸውም፤ በዚያ ዘመን የሚዘገይ ነገር አልነበረማ።

ውክሉ አፉን ከፈተ። መጀመሪያ የመጣው ሳል ነው። ቀጥሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ደምሌ ማሲንቆውን ዝም አሰኘው።

«አካሌስ ተጓዘ» አለ ይመር። ድምፁ ተቆረጠበት፤ እንደገና ጀመረ።

«አካሌስ ተጓዘ እንጀራን ተከትሎ፣
ልቤ ግን እዚያው ነው ከጎንሽ ተተክሎ።»

ከዚህ ሌላ አልጨመረም። ቤቱ ተያየ። ሰው ሃያ ሦስት ደቂቃ የጠበቀው ለሌላ ነገር ነበር፤ ለተሻለ፣ ወይም ለተለየ። ማሽኑ ያለው ያው ነው፤ አንዲት ቃል አልቀረች፣ አንዲት አልተጨመረች። ከበሩ አካባቢ አንዱ «ይሄንንማ ሰምተነው የለም እንዴ!» ብሎ ኮቱን አነሣ። ደምሌ ይቀበል አይቀበል ግራ ገብቶት ትርንጎን አያት።

ጋሽ ሰይድ አዘኑላት። ወደሷ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማሽኑ ልክ ነበር እኮ። ሁላችንም ሰምተነዋል።»

ትርንጎ የውክሉን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ነበር። እንባዋን አልጠረገችም።

«እናንተ ሰምታችሁት ይሆናል፣ ጋሽ ሰይድ» አለች። «እኔ ገና አሁን መስማቴ ነው።»