አስማረና ሰው የሚሰበስበው ስልኩ

ኮሮና በገባ ሰሞን አቦቦ ውስጥ ትልቅ ስልክ የነበረው አስማረ ብቻ ነው ብል ጎረቤቶቹ ይቆጡኛል፤ ድምፁ እስከ ሩቁ ኢታንግ የሚሰማ ስልክ ግን የእሱ ብቻ ነበር። ከእርሻ መልስ መንደርተኛው ማንጎው ሥር እየተሰበሰበ «ተራራቁ፣ እጅ አትጨባበጡ» የሚለውን ምክር ከዚያ ስልክ ይሰማል፤ ያውም ተቃቅፎ። ከኋላ የቆመው ስክሪኑ አልታይ ሲለው አገጩን ከፊቱ ባለው ሰው ትከሻ ላይ ያሳርፋል።

ምክሩ ሲያልቅ አስማረ የራሱን ይጨምርበታል።

«ኮሮና አልዌሮ ወንዝን ሊሻገር ሲል አዞ ዋጠው። አዞው ቢያስነጥስ ዓሣዎቹ ዛፍ ላይ ወጡ!»

ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። አስማረም ያን ሳቅ ካልሰማ እራት አይበላለትም።

የጤና ሠራተኛዋ ቤርሳቤ አንድ ቀን አየቻቸውና፣ «አስማረ፣ ስለ መራራቅ ለመስማት እንዲህ መጣበቅ ምን ይሉታል? ስልክ ላለው ደውልለት፤ ለሌለው እኔ በድምፅ ማጉያ እዞራለሁ» አለችው።

«እህቴ፣ ብቻውን የሚስቅ እኮ እብድ ነው የሚባለው!»

ሰዉ አጨበጨበለት።

ብዙም ሳይቆይ እናቱን እሙዬን አተኮሳቸው፤ ሳሉም አላስተኛ አላቸው። ሲመረመሩ ኮሮና ሆነ። እሙዬ ከቤት የሚወጡት ማንጎው ሥር ተቀምጠው የልጃቸውን ቀልድ ለመስማት ብቻ ነበር። ይሄ አስማረን አልጠፋውም፤ ቤርሳቤ «ካንተ በቀር ማንም እንዳይገባ፤ አንተም ጭምብልህን አድርግ» ስትለው አንድም ቀልድ ከአፉ አልወጣም።

ጎረቤቱ ያክ ዓሣ አንጠልጥሎ ሊጠይቃቸው መጣ። አስማረ የአጥሩ በር ላይ ተገተረበት።

«ወንድሜ፣ ምን ሆንክ? ልቀቀኝ ልግባ። እናትህ የኔም እናት ናት።»

«እሱንማ አውቃለሁ። አንተም ቤት ግን እናት አለች።»

«ሰው ታሞ ዝም ይባላል? መንደሩ ምን ይለኛል?»

«አስማረ ከለከለኝ በላቸው። ሰው ሰብስቤ እናቴን ያስያዝኳት እኔ ነኝ፤ ባንተ እናት ላይ አልደግመውም» አለ።

ያክ ዓሣውን አጥሩ ላይ ሰቀለና ከመንገዱ ማዶ ቁጭ አለ። ባለ ቁልፍ ስልኩን አውጥቶ ለእሙዬ ደወለ።

«እማማ፣ ያክ ነኝ። ውጪ ነኝ። ልጅሽ አላስገባኝም፣ እንዳትቀየሚኝ።»

ከቤት ውስጥ ሳል የተቀላቀለበት ሳቅ ተሰማ። «ደግ አደረገ! በል እዚያው ሆነህ አጫውተኝ።»

ወዳጆቼ፣ ሰው ሰው ይናፍቃል፤ ይሄ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ፣ ተራርቀን የምንጠያየቅበትን ስልክ ይዘን በትንፋሽ መተፋፈናችን ነው። እሙዬ ቀስ በቀስ አገገሙ። የያክ እናት ደግሞ ጭራሽ አልታመሙም።