ለእማማ ደብሪቱ አርባ ያተምኩት ፎቶ

ጥላ ታየኝ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ሰበታ ላይ ፎቶ ቤት ከፍቼ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል፣ የሰው ፊት ማለት ብርሃንና ቀለም ነው እያልኩ ስንቱን ደንበኛ ተከራክሬያለሁ። ይቺን ግን ስሙኝና እናንተው ፍረዱ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ሰናይት የምትባል የሰፈራችን ሴት መጣች፣ እናቷ እማማ ደብሪቱ ካረፉ ወር አልፏል፣ እሑድ አርባቸው ነው። «ወንድሜ፣ የእማዬ ፎቶ ያለን ይሄ ብቻ ነው፣ ከዚህ ሌላ ፊቷን የማይበት የለኝም፤ በትልቁ አትምልኝና ድንኳኑ ውስጥ እንስቀለው» ብላ ካርቶን ላይ የተለጠፈ ጥቁርና ነጭ ምስል ሰጠችኝ።

ሳየው ክው አልኩ። የድሮ የሆሊውድ ተዋናይት ናት! ሙያውን የተማርኩበት የፒያሳ ፎቶ ቤት ግድግዳ ላይ ይኸው ምስል ነበር፣ ስሟን በትክክል የሚጠራ አልነበረም፣ ግን ፊልሟን አይተው የማያውቁ ኮረዶች ሳይቀሩ «እንደሷ አርገህ አንሳኝ» እያሉ አገጫቸውን ቀና ያደርጉ ነበር፣ እመኑኝ።

«እርግጠኛ ነሽ እሳቸው ናቸው?» አልኳት።

«እማዬ ራሷ ናት ‹ይሄ እኔ ነኝ፣ በልጅነቴ› ያለችኝ። ቀይ ነበረች እኮ፣ ረሳሃት እንዴ?»

ምን ልበላት? ሐዘን ላይ ላለች ሴት እናትሽ ፈረንጅ ናት አይባል ነገር። ልትወስድ ስትመጣ እነግራታለሁ ብዬ ተቀበልኳት።

አጽድቼ ሳትመው አንገቷ ላይ ሦስት ቀጫጭን መስመሮች ወጡ። ማተሚያው ቆሽሾ ነው ብዬ ወለወልኩና ደገምኩት፣ መስመሮቹ እዚያው ናቸው፣ እንዲያውም ደመቅ ብለዋል። ኮምፒውተሩ ላይ አጉልቼ አየሁ፣ አንገቷ ንጹህ ነው። ካርቶኑንም አየሁ፣ ንጹህ ነው። ሦስተኛውን ሳትም የማተሚያው ድምፅ ድንገት ጠፋ፣ ወረቀቱ ግን ቀስ እያለ መውጣቱን ቀጠለ። እውነት እላችኋለሁ፣ በቀን በጠራራ ፀሐይ በሩን ከፍቼ ውጭ ቆምኩ።

አርብ ሰናይት መጣች። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት ፎቶውን አይታ ቁጭ አለች። «ንቅሳቷ!» አለች፣ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ፣ «በትንሹ ላይ አይታይም ነበር እኮ፣ እንዴት አወጣኸው?» አፈርኩ፣ ደግሞ ደስ አለኝ።

እሑድ አርባው ላይ ሄድኩ። የእማማ ደብሪቱ የወጣትነት ጓደኛ አዴ ጫልቱ ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ፣ በቃ ጉዴ ፈላ አልኩ። ፎቶው ፊት ብዙ ቆሙ።

«ያ ዋቃ! የኔ ደብሪቱ!» አሉ።

ጠጋ ብዬ «አዴ፣ እውነት እሳቸው ናቸው?» አልኳቸው።

«ምን ማለትህ ነው? ፎቶ ስትነሳ ነጠላዋን ይዤላት ፒያሳ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። ፎቶ አንሺውን ግድግዳው ላይ እንዳለችው ፈረንጅ አንሳኝ ብላው።» ከዚያ ዞር ብለው አዩኝ። «ግን ፊልሙ ተቃጥሏል ብሏት፣ እያለቀሰች ነው የተመለስነው። በምትኩ የፈረንጇን ምስል ሰጣት እንጂ ይሄ ፎቶ አልታጠበም። አንተ ከየት አገኘኸው?»

ፎቶ ቤቴ ተመልሼ ካርቶኑን አየሁት፣ አሁንም ያቺው ተዋናይት ናት። ሰናይት ካርቶኑን መልስልኝ እያለች አሁንም ትደውላለች፣ እኔም ነገ ነገ እላታለሁ፣ ካርቶኑንና ትልቁን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋ እንዳታይ ፈርቼ።