የጨለመችው ነጥብ

የእንጅባራ ጭጋግ ገና አልገፈፈም። ሽመክት ከማስታወቂያ ሱቁ ወለል ላይ ተዘርሯል። ከበላዩ ቀዩ የመብራት ሰሌዳ ላይ ጽሑፍ ያለ ፋታ ይመላለሳል፦ «በቃኝ። ይቅር በሉኝ።» አጠገቡ የአረም መድኃኒት ጠርሙስና ግማሽ ብርጭቆ ብርዝ ተቀምጧል። ታዲያ ራሱን አጠፋ ለማለት ምን ቀረ?

ሚስቱ ማናለብሽ እንባ አላወጣችም፤ ሰፈሩም በዚሁ ማማት ጀምሯል። መርማሪዋን ኢንስፔክተር ሰርክአዲስን በሩ ላይ ያዘቻት።

«ራሱን ገድሏል ከተባለ ፍትሐት የለውም። ቄስ ደሴ ‹እጄ ታስሯል› አሉኝ። ባሌን እንደ ውሻ ልቅበረው እንዴ? ይድረሱልኝ!»

«ቆዪ፣ ልየው» አለች ሰርክአዲስ።

የሟች ታላቅ ወንድም ይሄነው ፊቱ ከስሏል። «በአባታችን ቦታ ተጣልተናል፤ አልክድም። ግን ወንድሜን? እግዜር ያውቃል!»

የሥራ ባልደረባው አወቀ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጮሃል። «ሰሞኑን ከፍቶት ነበር። ምነው አጠገቡ በሆንሁ! ከትናንት ጀምሮ ጫግኒ ነበርሁ፤ ዛሬ ጠዋት ነው የገባሁት።»

ሰርክአዲስ ሱቁን በዓይኗ ቃኘች። ግድግዳው ላይ ሽመክት ለመብራት ሰሌዳ ብሎ ዓመታት የለፋበት፣ በነጥብ በነጥብ የተሠራ ፊደል ከሀ እስከ ፐ ተለጥፏል።

«ማናለብሽ፣ ከእያንዳንዱ ፊደል እግር አንዲት ነጥብ ለምን ጠፋች?»

«ሆን ብሎ ነው የሚያጨልማት። ‹ጉድለት የሌለው የእግዜር ሥራ ብቻ ነው› ይል ነበር።»

መርማሪዋ ቀና ብላ ሰሌዳውን አየችው። ነጥቦቹ በሙሉ ይበራሉ። ወዲያው ባጃጅ ይዛ መናኸሪያ ደርሳ ተመለሰችና ሁሉንም ሰበሰበች፤ ቄስ ደሴም ተጠሩ።

«ይህ ሰሌዳ በስልክ ይታዘዛል» አለች። «ቃሉን የላከው ሰው ፊደሉንም ከራሱ ስልክ ላከ። ሽመክት ቢሆን ነጥቧ ትጨልም ነበር፤ ሊሞት የቆረጠ ሰው ፊደል ሲጠግን አይውልም። ሁሉም ነጥብ የሚበራበት ሰሌዳ በከተማው ሌላ አንድ ብቻ አለ፤ መናኸሪያው ላይ። ማን ነው የሰቀለው?»

«አወቀ ነዋ!» አለ ይሄነው። «‹የራሴ ፊደል ነው› ብሎ አይደል ያስመረቀው!»

«ስህተት ነበረበት! እኔ አስተካከልሁት እንጂ...» አወቀ አፉን በእጁ ያዘ፤ ግን ቃሉ አምልጦታል።

«እንከን መስሎህ ደፈንሃት» አለች ሰርክአዲስ። «ሽመክት ፊደሉን መስረቅህን ሲያውቅ፣ ለእርቅ ብለህ ብርዝ ይዘህ መጣህ። ማሩ የመድኃኒቱን ሽታ ሸፈነልህ። ሰሌዳው ደግሞ አጠገቡ ካለ ስልክ በቀር ቃል አይቀበልም፤ ጫግኒ አልነበርህም።»

ፖሊሶቹ አወቀን ሲይዙት ማናለብሽ ዞር ብላም አላየችው። ዓይኗ ቄሱ ላይ ነው።

ቄስ ደሴ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «በሉ ደወሉን ደውሉ። ፍትሐቱን እኔው እመራለሁ።»

ማናለብሽ ሄዳ የሰሌዳውን ገመድ ነቀለች። «ይህን ያለው እሱ አይደለም» አለች። ከዚያ እሬሳው አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች።